ከውስጥ የሚቀረቀር በር

ማጀቴ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለልጄ፤

ሰዉ ሁሉ ሞተሃል ብሎ ሲሰግድብህ፣ እኔ ሰልፉ ውስጥ የቆምኩት ለሶላት የሚታጠቡትን ውዱእ ሳላደርግ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሰላምታውን ካስቀደምኩ ሐሞቴ ይፈስና ሳልጽፈው እቀራለሁ ብዬ ስለፈራሁ ነው መጀመሪያ ያደረግሁት።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ።

የሰማኸው እውነት ነው። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ባለው ክረምት ጥለኸኝ ስትሄድ ጎረቤቱ «ሰይዳ የት ሄደች?» አለኝ። ቆላ ወረደች አልኩ። ሲደግሙኝ ንዳድ ያዛት አልኩ። ሲሠልሱኝ ሞተች አልኩ። ውሸት ቁልቁለት ነው፤ አንዴ ከተጀመረ እግር ራሱ ይሮጣል። የመስጊዱ ከቢር አብዱረዛቅም «ሬሳዋ ሩቅ አገር ከቀረ በሌለችበት ይሰገድባታል» ብለው ከጁምዓ በኋላ ሰዉን አሰለፉት። እኔ የሟች አባት ነኝና ከፊት አቆሙኝ። በሕይወት ባለ ልጅ ላይ የሬሳ ሶላት መስገድ ከበደኝ። አልሰግድም ማለት ደግሞ አቃተኝ። ውዱእ ከሌለኝ አይቆጠርብኝም አልኩ በልቤ። ማንን ላታልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ከቢር በየጁምዓው የሰፈሩን ሙታን በስም እየጠሩ ዱዓ ሲያደርጉ፣ ከእናትህ ከፋዲላ ቀጥለው ሰይዳ ይላሉ። እኔም ከሰዉ ጋር አሚን እላለሁ።

ጨው ነጋዴዋ ጣይባ ደብዳቤህን ከጆንያ ሥር አውጥታ ስትሰጠኝ «አንድ ሷሊሕ የሚባል ድንጋይ ፈላጭ ነው የላከልህ፤ ምንህ ነው?» አለችኝ። የዘመድ ልጅ አልኳት። ከፍቼ ሳየው ግን እጅህን አወቅሁት። ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ አይደለሁ? ፊደሎችህ ዛሬም ነፋስ እንደገፋው ማሽላ ወደ ቀኝ ያጋድላሉ።

በየትኛው ስም እንደምጠራህ አላወቅሁም። ስለዚህ ልጄ ብዬ ተውኩት።

ያንተ ነገር ነው ሳልል ከቢርን ጠየቅኋቸው። «በኪታቡ ኹንሳ የሚባል አለ፤ አካሉ ከወንድም ከሴትም የሆነ። ለሱ ሕግ ተጽፎለታል» አሉኝ። አንተ እሱ ነህ? ከሆንክ ንገረኝ፤ የት እንደሚቆም፣ ከማን ጋር እንደሚታጠብ ሕጉን አስጽፌ እልክልሃለሁ።

ረመዳን ሊገባ ነው። አላህ በሰላም ያድርሰን።

አባትህ አብዱልወሃብ


ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 4 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ነዎት? ጉልበትዎንስ እንዴት አደረገዎ? የሰናፍጭ ዘይት ይሹት፤ እናቴ እንዲያ ነበር የምታደርግልዎ።

ኹንሳ አይደለሁም። አካሌ እናቴ እንደወለደችኝ ነው፤ እርስዎም ያውቁታል። እኔ ግን ወንድ ነኝ። ከዚህ የተሻለ አነጋገር ቢኖረኝ እጽፍልዎ ነበር። ትንሽ ሳለሁ «ስታድጊ ይለቅሻል» ይሉኝ ነበር። አደግሁ፤ አልለቀቀኝም። ስለዚህ የሚላክ ሕግ የለም፤ ወረቀትዎን አያባክኑ።

ስለ ሶላቱ አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው። ተቀየምኩ ብልም ልክ አይሆንም። ወሬውን የሰማሁ ቀን ምንም ነገር አልተሰማኝም። መዶሻዬን አንስቼ ድንጋዬን መፍለጥ ቀጠልኩ።

የጣሊያን መንገድ ላይ መሥራቴን እንደማይወዱት አውቃለሁ። እኔም አልወደድኩት። ማንም የማንንም አባት የማያውቅበት ሌላ ቦታ አጣሁና ገባሁበት። ሰዎቹ ደህና ናቸው። ጢም የለህም ብለው ያሾፉብኛል። «ፍየል እንኳ አላት!» ይሉኛል። «ለፍየሏም ያማረባት ከናንተ ስለምትሻል ነው» እላቸዋለሁ። ይሥቃሉ፤ ያልፋል።

ረመዳን ለእኔ እረፍት ሆኗል። ሌላው ውሃ ውሃ ሲል እኔን ከብዶኝ አያውቅም። ጾመኛው የሚል ስም አውጥተውልኛል። ጣይባ ከሳ ብላዎት ከሆነ የፀሐዩ ነገር ነው፤ አይስጉ።

ልጅዎ ሷሊሕ


ማጀቴ፣ ኅዳር 16 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለልጄ ለሷሊሕ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ስምህን ጻፍኩት። እጄ ትንሽ ቢዘገይም ጻፈው።

ጾሙ አይከብደኝም ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ከቤት የወጣ ልጅ ሃይማኖቱን ይጥላል ይባላል፤ አንተ በዚያ ሐሩር ድንጋይ እየፈለጥክ ጾመኛው መባልህ ኩራት ሰጠኝ። ለከቢር «የዘመድ ልጅ አለኝ፤ በሸዋ ሮቢት ፀሐይ ውሃ አያምረውም» ብዬ ነገርኳቸው። «እንዲህ ያለውን አላህ ያብዛልን» ብለው ከራሳቸው ቴምር ዘግነው ሰጡኝ። በጣይባ እጅ ልኬልሃለሁ፤ አፍጥርበት።

ከመሄድህ በፊት በወንዙ የሆነውን አልረሳሁም። በሴቶቹ መታጠቢያ በኩል «ወንድ መስላ መጣችብን» ብለው በጠጠር አባረሩህ። ወደ ታች ወደ ወንዶቹ በኩል ወረድክ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ለዐሱር ሶላት እግሬን እታጠብ ነበር። ሰዎቹ አንተን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ወደ ቤትሽ ሂጂ» አልኩህ። የቱ ቤት እንደሆነ፣ ሰው ቤቱ እስኪደርስ የት እንደሚታጠብ አልነገርኩህም። አንተ ዳገቱን ስትወጣ እኔ ሁለተኛውን እግሬን መታጠብ ጀመርኩ። በማግሥቱ አልነበርክም።

እናትህ ብትኖር እንዲህ አይሆንም ነበር። ከቀሚስህ ሥር የምትለብሰውን ሱሪ የሰፋችልህ እሷ መሆኗን አውቅ ነበር። እንዳላወቅሁ ሆኜ ኖርኩ።

በስሟ ለወቅፍ የውሃ ጉድጓድ ላስቆፍር ከሞተች ጀምሮ የሚደገፍበትን እንጨት ሳጠራቅም ከርሜያለሁ። መንገደኛ ሁሉ ጠጥቶ ምርቃቱ ለሷ እንዲደርስ ነው። ከዒድ በኋላ እጀምራለሁ ብያለሁ፤ ኢንሻ አላህ።

አባትህ


ማጀቴ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለሷሊሕ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ዒድ ሙባረክ ልልህ ብዕር አንስቼ ነበር፤ አሁን ግን ተቆጥቼ ነው የምጽፈው።

ጣይባ የዒድ ቀን ሸዋ ሮቢት ነበረች። ሰዉ ሁሉ ሲበላ ሲጠጣ አንተ ዳቦ ቆርሰህ ውሃውን አልነካም እንዳልክ ነገረችኝ። ብርዝ ስትሰጥህ ከንፈርህን አስነክተህ መለስክላት አሉ። በማግሥቱም እንዲሁ። «ይህ ልጅ የአላህ ወዳጅ፣ ወሊ ሊሆን ነው መሰለኝ» እያለች በገበያው ታወራለች።

በዒድ ቀን ከውሃም ቢሆን መጾም ሐራም መሆኑን ገና ሕፃን ሳለህ አላስተማርኩህም? አላህ ብሉ ጠጡ ባለበት ቀን እኔ እበልጣለሁ ማለት ኩራት ነው። በጾምህ የኮራሁት እኔ ነኝና ቁጣው ለራሴም ነው። ለከቢር ብነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ዳቦ ከቆረሰ ጾም አይደለም እንግዲህ ያ» አሉኝ። ጾም ካልሆነ ምንድን ነው? መልስልኝ።

አብዱልወሃብ


ሸዋ ሮቢት፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለአባቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ከቢር ልክ ናቸው፤ ጾም አይደለም። በረመዳንም ቢሆን ፀሐይ ስትገባ ከአንድ ጉንጭ በላይ አልጠጣም ነበር። ስለዋሸሁ ይቅር ይበሉኝ። ስለ ኮሩብኝ እውነቱን ማውጣት ከበደኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ማንም ኮርቶብኝ አያውቅም።

ካምፑ ዳር ሁለት ሽንት ቤት አለ። የወንዶቹ ረጅም ቦይ ነው። በላዩ ግንድ ተጋድሟል፤ ሰው እንደ ዶሮ ጎን ለጎን ይሰፍርበታል። ግድግዳ የለው፣ በር የለው። እዚያው ተቀምጠው ወሬ ያወጋሉ፤ ትንባሆ ይቀባበላሉ። የሴቶቹ በጆንያ ተጋርዷል፤ ወጥ ሠሪዎቹና ውሃ ቀጂዎቹ ይገቡበታል። በሽታ ይመጣል ተብሎ ከነዚህ ውጭ የተጸዳዳ እንዲገረፍ ታውጇል። ከሽቦው አልፎ ቁጥቋጦ ውስጥ የገባውን ደግሞ ለአርበኞቹ ወሬ አቀባይ ነው ብለው ይተኩሱበታል። አንድ የቀወት ልጅ የሱሪውን ማሰሪያ እንደያዘ ቀርቷል።

በወንዶቹ በኩል ገብቼ ብቀመጥ ያዩኛል። ካዩኝ ምን እንደሚያደርጉኝ አልጽፍልዎትም። አንድ ቀን ሲጨንቀኝ በሴቶቹ በኩል ገባሁ። ውሃ ቀጂዎቹ ጮኹ፤ ዘበኛው በአለንጋ አወጣኝ። እውነታቸውን ነው፤ ወንድ ገባባቸው። የሠራተኛው አለቃ ካቦው «ሴት አሳዳጅ!» ብሎ ሣቀ፤ ሁሉም ሣቁ። ያ ስም ለጊዜው አተረፈኝ።

ስለዚህ አልጠጣም። ያልጠጣ ሰው አይወጣም።

ከካምፑ በር ውጭ ዳቦ የምትሸጥ ብዙነሽ የምትባል ሴት አለች። ሠራተኛው ቀን ቀን ወደሷ እንዲወጣ ይፈቀድለታል። እሷ ታውቅብኛለች። እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅኋትም፤ እሷም አላለችኝም። ከግቢዋ ጥግ ጆንያ ይዛ ትከልለኛለች። ግን ግቢዋ ሰው አያጣም፤ ጆንያውንም ነፋስ ይገልጠዋል። ከዒድ ወዲህ ሽንቴ ደም ሆኗል። ጎኔን ይወጋኛል። ትኩሳት አለኝ፤ ሥራ ግን አልቀረሁም። እዚህ የታመመ ሐኪሙ ፊት ልብሱን ያወልቃል።

ወደ ቤት ልመጣ አስቤ ነበር። ሙት ወደ ቤት እንደማይመጣ አስታወስኩ።

ምንም ያድርጉልኝ ብዬ አይደለም የጻፍኩት። በዒድ ቀን የኮራሁ እንዳይመስልዎ ነው። ይህን ያቃጥሉት።

ሷሊሕ


ማጀቴ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለልጄ ለሷሊሕ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤህን አቃጠልኩት። ከማቃጠሌ በፊት ግን ብዙ ጊዜ አነበብኩትና መቃጠሉ አልጠቀመም።

የላክሁልህን ቴምር አሰብኩ። ቴምር ያስጠማል።

መጀመሪያ ያሰብኩትንም ልጻፈው። የሰይዳን ልብስ ይዤ ልምጣና ሴት አድርጌ ላምጣው፤ ተሳስቼ ነበር፣ ሳትሞት ነው ልበል ብዬ ነበር። ሳጥኑን ከፍቼ ቀሚሱን አወጣሁት። ቀሚሱ በእጄ ላይ ሬሳ መሰለኝ። መልሼ አስገባሁት። ያን አላደርገውም።

ከዚያ ከቢር ዘንድ ሄድኩ። «ለሟች ወቅፍ የሚቆፈር ጉድጓድ የግድ ውሃ የሚወጣበት መሆን አለበት?» አልኳቸው። ጢማቸውን ዳሰሱ። «ከሰው ላይ ጭንቅ የሚያነሳ ሁሉ ሰደቃ ነው» አሉኝ። ምን ልቆፍር እንዳሰብኩ አልጠየቁኝም። ሰው ባይጠይቀኝ ደስ የሚለኝ ሰው ነበርኩ፤ አሁን ግን ቢጠይቁኝ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

ለፋዲላ ያጠራቀምኩት እንጨት አለ። የመኝታ ቤቷ በርም አለ፤ መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው። አንተን ሱሪ ስታስለብስ የምትቀረቅረው እሱን ነበር፤ እኔም ከደጅ ሆኜ ድምፁን እሰማ ነበር። ዛሬ ከመቃኑ ነቀልኩት።

ብዙነሽን ጠይቅልኝ፤ የግቢዋን ጥግ ትሰጠኛለች ወይ? እስከዚያው ጠጣ። ጆንያውን አጥብቃ ትያዝልህና ጠጣ። ይህን አባትህ ያዝዝሃል። የገብስ ውሃ አፍልታ ታጠጣህ።

መልስ አትጻፍ፤ በሩን ይዤ እየመጣሁ ነውና መንገድ ላይ እንተላለፋለን።

አባትህ


ማጀቴ፣ የካቲት 5 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለልጄ ለሷሊሕ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። በሰላም ገብቻለሁ። አህያዋ ሸክሟ ስለቀለላት ከእኔ ቀድማ ደረሰች። ደህና መሆኔንና የመንገዱን ነገር ጻፍልኝ ስላልክ፣ ደግሞ አንተ ያላየኸው ስላለ እጽፋለሁ።

ወደ አንተ ስመጣ ካራቆሬ ላይ ኬላ ጠባቂዎች አስቆመውኝ ነበር። አህያዋ ጀርባ ላይ ከእንጨቱ በላይ በር ተጭኖ ሲያዩ አንዱ «ሽማግሌው፣ በሩን ይዘህ ቤቱን የት ረሳኸው?» አለኝ። «ቤቱ ከፊት ነው» አልኩት። «እንግዲያው ቁልፉን እንዳትጥል!» ብሎ አሳለፈኝ። እስከ ሸዋ ሮቢት ያገኘኝ ሁሉ ይኼንኑ ቀልድ በየተራው ቀለደብኝ። ብዙነሽ ደግሞ በሩን ስታይ ያለችውን አንተም ሰምተሃል፤ «ጋሼ አብዱልወሃብ፣ ሽማግሌ ሲመጣ ባል ይዞልኝ የመጣ መስሎኝ፣ በር ነው እንዴ?» አላለችም? ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ስሥቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም።

መቆፈሩን፣ መማገሩን አብረን አይተነዋል፤ አልደግመውም። ዘበኞቹም ምንም አላሉን። በየግቢያችሁ ሽንት ቤት ቆፍሩ ያሉት እነሱ ናቸው።

ያላየኸው ይህ ነው። በሩ የተተከለ ቀን መጀመሪያ የገባኸው አንተ ነህ። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁት፤ ያው የቤታችን ድምፅ ነው። እኔ ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዳቦ ሊገዙ ከመጡት ካቦው ተነጥሎ መጣ። «ውስጥ ማን ነው?» አለ። ልጄ ነው አልኩት። «ይሄ ጾመኛው ያንተ ነው እንዴ?» አለ። የኔ ነው አልኩ። «ቶሎ ይበልልኝ ታዲያ» አለ። «አይቸኩልም፤ ተራ ያዝ» አልኩት። የዘመድ ልጅ ነው ማለት እችል ነበር፤ አፌ ለምዶታል። አላልኩም። ካቦውም ድንጋዩ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ። ስለ ዝናብ አወራን።

አንተ ወጣህ። እጅህን ታጠብክ። ብዙነሽ ውሃ በጣሳ ሰጠችህ። ጠጣኸው። ከዚያ ጣሳውን መልሰህ ዘረጋህላት፤ ደግማ ሞላችልህ። ጉሮሮህን ሳይ ነበር። የፋዲላ ወቅፍ ውሃ አይወጣውም ብዬ ነበር፤ ወጣው።

ብዙነሽ ውሃ ቀጂዎቹም እየመጡ እንደሚቀረቅሩበት፣ ሽንትህም እንደጠራ በጣይባ ልካልኛለች። አልሐምዱሊላህ። ጎንህን አሁንም ከወጋህ የገብሱን ውሃ አትተው።

አንድ ነገር ቀረኝ። እንዳደርገው ፈቅደህልኛል፤ ሰይዳ የሚለውን ስም ብቻ እንጂ ያንተን እንዳልናገር ተስማምተናል።

ትናንት ጁምዓ ነበር። ቀደም ብዬ ወንዝ ወረድኩ፤ ያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እግሬን ታጠብኩ። ከሶላቱ በኋላ ከቢር እንደ ልማዳቸው ሙታኑን መጥራት ጀመሩ። ፋዲላ አሉ። አሚን አልኩ። ሰይዳ አሉ። እጄን አነሳሁ።

«ከቢር፣ ያን ስም ይተዉልኝ» አልኩ።

«ምነው አብዱልወሃብ?»

«ልጄ አልሞተም። ሞተች ያልኳችሁ ዋሽቼ ነው። ከሙታን ጋር አትጥሩብኝ።»

ከኋላ አንዱ «ታዲያ እኛ የሰገድነው?» አለ። «እናንተ በቅን ሰግዳችኋል፤ ወንጀሉ የኔ ነው። እኔ ያን ቀን ውዱእ አልነበረኝም» አልኩ። ሌላው «ልጅቷስ የት ናት?» አለ። «ልጄ በሕይወት አለ አልኳችሁ» አልኩ፤ ከዚያ በላይ አልጨመርኩም። ሁለት ሰዎች ተነስተው ወጡ። ጣይባ ከሴቶቹ በኩል ስትስል ሰማሁ፤ የገባት ይመስለኛል፤ ግን እሷ ጨው ትሸጣለች እንጂ ወሬ ማጣፈጡን ትታለች።

ከቢር አዩኝ። ዱላቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።

እኔም ከሰዉ ጋር ተነስቼ የቀረውን የሱና ሶላት ሰገድኩ። ውዱእ ነበረኝ።

አባትህ አብዱልወሃብ